ኤሌክትሮኑ በየት በኩል አለፈ? የአንድ ጥያቄ የሁለት መቶ ዓመት ጉዞ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የላካችሁልን አንድ አጭር ቪዲዮ አለ። «ሳይንቲስቶች ኤሌክትሮንን ሲያዩት ባሕሪውን ይቀይራል፤ ስለዚህ ዓለምን የሚሠራው የእናንተ ሐሳብ ነው፤ ሪዝቃችሁንም በሐሳባችሁ መሳብ ትችላላችሁ» ይላል። ከሥሩ የሥልጠና ክፍያ የሚገባበት የባንክ ቁጥር ተቀምጧል። ከጠየቃችሁን መካከል ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ «እውነት ነው እንዴ?» ያለን ወንድም አለ።

ወሬው ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ቢሆን መልሱ በሁለት መስመር ያልቅ ነበር። ያስቸገረን ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ኤሌክትሮን ሲመረመር ባሕሪው የሚለወጥበት ሙከራ በእርግጥ ተደርጓል። ታዲያ ወሬውን ሰነዱን ይዘን ብንከተለውስ? ማን አደረገው? የት? ምን ለካ? ዛሬ የምናደርገው ይህንን ነው። ረዘም ይላልና ሻይ ቀድታችሁ አንብቡት። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

◾ 1. የባስራው ሊቅ መብራቶች

ታሪኩን ከብርሃን እንጀምር፤ የኤሌክትሮን ጥያቄ የተወለደው ከብርሃን ጥያቄ ነውና።

በ965 አካባቢ በባስራ የተወለደውና በ1040 አካባቢ በካይሮ ያረፈው ሊቅ ኢብኑል ሀይሠም «ኪታቡል መናዚር» በተሰኘው መጽሐፉ አንድ ቀላል ሙከራ ገልጿል። ጨለማ ክፍል አለ፤ ግድግዳው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው ፊት ለፊት በተለያየ ቦታ ብዙ መብራቶች ይቀመጣሉ። በጨለማው ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ መብራት የራሱን የብርሃን ምልክት ያሳርፋል። አንዱን መብራት ብትሸፍኑ የእሱ ምልክት ብቻ ይጠፋል፤ የሌሎቹ ባሉበት ይቀራሉ። ሽፋኑን ስታነሱ የጠፋው ወደ ቦታው ይመለሳል።

ከዚህ ተነስቶ የደረሰበት መደምደሚያ፣ ብርሃኖች በአንድ ቀዳዳ አብረው ቢያልፉም አንዱ ሌላውን እንደማይበክለው ነው። እዚህ ላይ በአንዳንድ ገጾች የምናየውን ማጋነን አንደግምም፤ ኢብኑል ሀይሠም ኳንተም ፊዚክስን አላገኘም። የተወልን ነገር ዘዴው ነው፦ አንዱን ሸፍን፣ የተለወጠውን ተመልከት። ይህን ዘዴ በአእምሯችሁ ያዙት፤ እስከ መጨረሻው አብሮን ይሄዳል።

◾ 2. ብርሃን ሲጨመር ጨለማ

ስምንት መቶ ዓመት ያህል ወደፊት እንለፍ። በ1803 በለንደን ሐኪም የነበረው ቶማስ ያንግ በመስኮት መዝጊያ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጅቶ የፀሐይ ጨረር አስገባ። በጨረሩ መሐል ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር የሚያንስ ቀጭን የካርድ ቁራጭ በጠርዙ አቆመ። ብርሃኑ በካርዱ ግራና ቀኝ ተከፍሎ አለፈ። በካርዱ ጥላ ውስጥም ብሩህና ጨለማ መስመሮች ተፈራርቀው ታዩ።

ያንግ ከዚያ አንዱን ጎን ሸፈነ። በኢብኑል ሀይሠም ሙከራ ቢሆን የተሸፈነው ብቻ ጠፍቶ ሌላው መቅረት ነበረበት። እዚህ ግን በአንዱ ጎን ያለው ብርሃን ሳይነካ የመስመሮቹ ንድፍ በሙሉ ጠፋ።

ምክንያቱን ለመረዳት የውዱእ ገንዳ ይበቃናል። በረጋ ውኃ ላይ ሁለት ጠጠር ጎን ለጎን ብንጥል ሁለት ክብ ሞገዶች እየሰፉ ይገናኛሉ። የአንዱ ከፍታ ከሌላው ከፍታ ጋር የተገናኘበት ቦታ ውኃው ይበልጥ ይነሳል። የአንዱ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋር የተገናኘበት ደግሞ ውኃው ጸጥ ይላል። ይህ መደራረብ ኢንተርፌረንስ ይባላል። የያንግ ጨለማ መስመሮችም ብርሃን በብርሃን ላይ ደርሶ የተጣፋባቸው ቦታዎች ናቸው። ንድፉ እንዲኖር ሁለቱም መንገዶች ክፍት መሆን አለባቸው።

◾ 3. አባት ቅንጣት አለ፣ ልጅ ሞገድ አለ

በ1897 በካምብሪጅ ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን አገኘ፤ ከአቶም የምታንስ፣ ነጌቲቭ ቻርጅ ያላት ቅንጣት። በ1906 ኖቤል ተሸለመ። ቅንጣት እንደ ጠጠር ናት፤ ወይ በዚህ ታልፋለች ወይ በዚያ።

በ1924 ግን ሉዊ ደ ብሮይ የተባለ ፈረንሳዊ በዶክትሬት ጽሑፉ እንደ ኤሌክትሮን ያሉ ቅንጣቶችም የራሳቸው ሞገድ አላቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ማረጋገጫው ከአደጋ ጋር ተያይዞ መጣ። በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ ክሊንተን ዴቪሰንና ሌስተር ገርመር ኤሌክትሮኖችን በኒኬል ብረት ላይ ይተኩሱ ነበር። በ1925 ፈሳሽ አየር የያዘ ጠርሙስ ፈነዳ፤ አየር ወደ መሣሪያው ገብቶ ኒኬሉን አዛገው። ለማጽዳት አጥብቀው ሲያግሉት የብረቱ ውስጣዊ አሠራር ተቀይሮ ትልልቅ ክሪስታሎች ሆኑ። ሙከራውን ሲቀጥሉ ኤሌክትሮኖቹ የሚመለሱበት ንድፍ ሌላ ሆኖ አገኙት። በ1927 ንድፉ የሞገድ መደራረብ መሆኑን አሳዩ። በዚያው ዓመት በስኮትላንድ አበርዲን ጆርጅ ቶምሰን በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰ።

ጆርጅ የጄ. ጄ. ቶምሰን ልጅ ነው። አባት ኤሌክትሮን ቅንጣት መሆኗን በማሳየት ተሸለመ፤ ልጅ ደግሞ በ1937 ሞገድ መሆኗን በማሳየት ከዴቪሰን ጋር ተሸለመ። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

◾ 4. «ቆሜ ብጠብቃትስ?»

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ኤሌክትሮን ሁለት ክፍት መንገድ ካገኘች እንደ ሞገድ ንድፍ ትሠራለች። ነገር ግን ስትደርስ ሁልጊዜ አንድ ነጥብ ላይ ነው የምትደርሰው። ታዲያ በየትኛው መንገድ አለፈች?

በጥቅምት 1927 በብራስልስ በተደረገው የሶልቬይ ጉባኤ አይንስታይንና ኒልስ ቦር በዚህ ተሟገቱ። የአይንስታይን ሐሳብ ብልህ ነበር፦ ቅንጣቷ የምታልፍበትን ቀዳዳ መንቀሳቀስ እንዲችል አድርገን ብናንጠለጥለው፣ ስታልፍ የምትሰጠውን ግፊት በመለካት መንገዷን እናውቃለን፤ ንድፉም ሳይጠፋ ይቀራል። ቦር ሲመልስ፣ ያንን ያህል ጥቃቅን ግፊት ለመለካት የሚበቃ ቀዳዳ የራሱ ቦታ እርግጠኛ አይሆንም፤ ያ አለመርጋትም ንድፉን ያደበዝዘዋል አለ። መንገዱን ማወቅና ንድፉን ማየት አብረው አይሄዱም ማለት ነው።

ይህ ለረጅም ጊዜ የወረቀት ሙግት ሆኖ ቆየ። በ1961 በጀርመን ቱቢንገን ክላውስ ዮንሰን ኤሌክትሮኖችን በጣም ጠባብ በሆኑ ስንጥቆች አሳልፎ ንድፉን አነሣ። በ1989 በጃፓን የሂታቺው አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ እየላኩ ቀረጿቸው። መጀመሪያ የሚታየው እንደ ተበተነ ጤፍ ሥርዓት የሌለው ነጥብ ነው። ነጥቦቹ በሺዎች ሲቆጠሩ መስመሮቹ ቀስ እያሉ ይወጣሉ። በመሣሪያው ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮን አብሮ ስለማይገኝ ተጋጭተው ነው ማለት አይቻልም። እያንዳንዷ ከራሷ ጋር ነው የተደራረበችው።

የቀረው አንድ ነገር ነበር፦ በመንገዱ ዳር እውነተኛ ጠባቂ ማቆም።

◾ 5. መንገዱ ወደ ቺፕ ገባ

ጠባቂ ለማቆም በመጀመሪያ የኤሌክትሮንን መንገድ እንደፈለጉ መሥራት ያስፈልጋል። ለዚህ መንገድ የጠረገ አንድ የግብፅ ልጅ አለ። ሙሐመድ ዐጣላ በ1924 በፖርት ሰዒድ ተወልዶ፣ በካይሮ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በቤል ላብራቶሪ ተቀጠረ። የሲሊከን ገጽታ በጣም አስቸጋሪ ነበርና በሙቀት የኦክሳይድ ሽፋን አልብሶ የሚያረጋጋበትን ዘዴ አወጣ። ከኮሪያዊው ዳዎን ካንግ ጋር በመሆንም በ1960 ከላይ ያለ ብረት ከሥር ያሉትን ኤሌክትሮኖች ሳይነካ በኤሌክትሪክ መስክ የሚቆጣጠርበትን ትራንዚስተር ይፋ አደረገ። ሐሳቡ ከእነሱ በፊት የነበረ ቢሆንም እንዲሠራ ያደረጉት እነሱ ናቸው። አሁን ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ ውስጥ የዚያ ትራንዚስተር ዝርያዎች በቢሊዮን ይቆጠራሉ።

በ1978 እዚያው ቤል ላብራቶሪ ዲንግል፣ ስቶርመር፣ ጎሳርድና ዊግማን ሌላ እርምጃ ጨመሩ። ሁለት ዓይነት ሴሚኮንዳክተር በስስ በስሱ አነባብረው፣ ኤሌክትሮን የሚሰጡትን ባዕድ አቶሞች በአንዱ ንጣፍ ውስጥ ብቻ አስቀመጡ። ኤሌክትሮኖቹ ወደ ንጹሑ ንጣፍ ይወርዳሉ፤ እዚያ የሚያደናቅፋቸው ስለሌለ ሩቅ ይጓዛሉ። በዚህ ንጣፍ ላይ ጥቃቅን ኤሌክትሮዶችን አስቀምጦ ቮልቴጅ መስጠት ለኤሌክትሮን አጥር እንደ ማጠር ነው። በአጥሩ ጎዳና፣ በር፣ ክፍል መሥራት ይቻላል።

ለታሪካችን ሦስት ቅርጾች ያስፈልጉናል።

የመጀመሪያው ቀለበት ነው። መንገዱ ለሁለት ክንድ ተከፍሎ መልሶ ይገናኛል። በ1959 አሃሮኖቭና ቦም በቀለበቱ መሐል የሚያልፍ መግነጢሳዊ መስክ የሁለቱን ክንዶች ሞገድ እርስ በርስ እንደሚያዛንፍ በስሌት አሳይተው ነበር። ስለዚህ መስኩን ቀስ እያልን ብንለውጥ በቀለበቱ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። የያንግ ብሩህና ጨለማ መስመር በቺፕ ላይ የሚታየው በዚህ መልክ ነው። በ1985 ሪቻርድ ዌብና ባልደረቦቹ በአይቢኤም፣ ስፋቷ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ በምታንስ የወርቅ ቀለበት ይህን ለኩ።

ሁለተኛው ኳንተም ዶት ይባላል፤ ኤሌክትሮን ገብታ ጥቂት የምትቆይባት ጠባብ ክፍል ናት።

ሦስተኛው ጠባብ በር ነው። በ1988 በኔዘርላንድስና በካምብሪጅ ሁለት ቡድኖች ለየብቻ የሠሩት ሲሆን፣ ኤሌክትሮኖች በጥቂት ረድፍ ብቻ የሚያልፉበት መተላለፊያ ነው። ጠባቂያችን ይኸው ነው።

◾ 6. ከበሩ አጠገብ የቆመ ሰው

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በጠባቡ በር ስንወጣ አስቡት። ከበሩ አጠገብ አንድ ሰው ድንገት ቢቆም የሰዉ ፍሰት ይቀንሳል። ሰውየውን ባናየውም ከፍሰቱ መቀነስ ብቻ «አንድ ሰው ቆሟል» ማለት እንችላለን። በሩ በጣም ሰፊ ከሆነ ግን ሰውየው ቢቆምም ባይቆምም ለውጥ የለም። በሩ ጭራሽ ከተዘጋም እንዲሁ። ነገር የሚናገረው በመሐል ያለው፣ ግማሽ ክፍት በር ነው።

በ1993 በካምብሪጅ የተደረገው ይህ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከኳንተም ዶት ጎን ጠባብ በር ሠሩ። ወደ ዶቱ አንድ ኤሌክትሮን ስትጨመር ቻርጇ በበሩ የሚያልፉትን ትገፋለች፤ የበሩ ፍሰት በትንሹ ይለወጣል። ዶቱን ሳይነኩ ከውጭ ሆኖ ውስጡ ያለውን ቻርጅ ማወቅ ተቻለ።

ከዚያ ሥራው ወደ ረሖቮት፣ ወደ ዋይዝማን ተቋም ተሻገረ። በ1995 የሞቲ ሃይብሉም ቡድን ኳንተም ዶትን በቀለበቱ አንድ ክንድ ላይ አስቀመጠ። ኤሌክትሮን በዶቱ ውስጥ ቆይታ ስትወጣ ሞገድነቷን ታጣለች ወይስ ይዛ ትወጣለች? የፍሰቱ ከፍ ዝቅ ማለት ስላልጠፋ ይዛ እንደምትወጣ ታወቀ።

በ1998 ኢያል ቡክስ፣ ሃይብሉምና ባልደረቦቻቸው ሁለቱን ሥራዎች አንድ ላይ አደረጉ። ቀለበት፣ በአንዱ ክንድ ላይ ዶት፣ ከዶቱ ጎን ጠባብ በር። ኤሌክትሮን በዶቱ ክንድ ካለፈች የበሩ ፍሰት ይነካል፤ በሌላው ክንድ ካለፈች አይነካም። አይንስታይን በሐሳቡ ያንጠለጠለው ቀዳዳ ቦታ ላይ አሁን በእጅ የሚስተካከል ጠባቂ ቆመ። ሁሉም የሆነው ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሚጠጋ ቅዝቃዜ እጅግ ብዙ ባልራቀ ሙቀት ላይ ነው።

በጠባቂው በር ላይ ቮልቴጁን ከፍ ሲያደርጉ፣ ማለትም ኤሌክትሮኗ በዶቱ ውስጥ በምትቆይበት አፍታ ብዙ ኤሌክትሮኖች በበሩ እንዲያልፉና ጠባቂው ይበልጥ እንዲያውቅ ሲያደርጉ፣ የቀለበቱ ከፍ ዝቅታ ደበዘዘ። ቮልቴጁን ሲቀንሱ ከፍ ዝቅታው ተመለሰ። መደብዘዙም ጠባቂው በሚያገኘው እውቀት መጠን ነበር። ኢብኑል ሀይሠም መብራት ሸፍኖ እንደገለጠው ሁሉ፣ እነሱም ጠባቂውን እየከፈቱና እየዘጉ ንድፉን ተመለከቱ።

ለእኛ ጥያቄ ወሳኙ ነገር እዚህ ነው። በዚያ ሙከራ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ የእያንዳንዷን ኤሌክትሮን መንገድ አላነበበም። የተለካው የብዙዎቹ አማካይ ፍሰት ነው። ዓይን አልነበረም፤ ሐሳብም፣ ምኞትም አልነበረም። ንድፉ የደበዘዘው የኤሌክትሮኗ መንገድ በጠባቂው በር ፍሰት ላይ አካላዊ አሻራ ስለተወ ብቻ ነው። ተመራማሪው ሻይ ሊጠጣ ቢወጣ ውጤቱ ያው ነው።

◾ 7. መቁጠር ሁሉ አያጠፋም

«ታዲያ ኤሌክትሮንን መመርመር ሁልጊዜ ንድፉን ያጠፋል?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ በ2008 ከዙሪክ መጣ። በስዊዘርላንድ የኢቴሀ ዩኒቨርሲቲ ሲሞን ጉስታቭሰን፣ ክላውስ ኤንስሊንና ባልደረቦቻቸው ሁለት ኳንተም ዶቶችን በቀለበት ውስጥ አጣመሩ። ኤሌክትሮን ከአንዱ ዶት ወደ ሌላው የምትሻገርባቸው ሁለት ክንዶች ነበሩ። አጠገባቸውም ጠባብ በር አቆሙ። በሩ እያንዳንዷ ኤሌክትሮን ስትመጣና ስትሄድ ጊዜውን እየመዘገበ አንድ በአንድ ቆጠራት። ንጣፉን ካዘጋጁት ባለሙያዎች አንዱ፣ ከ30 ዓመት በፊት በቤል ላብራቶሪ ስሙን ያነሳነው ጎሳርድ ነበር።

አንድ በአንድ እየተቆጠሩም የሞገዱ ንድፍ ሙሉ ሊባል በሚቀርብ ጥራት ታየ። ለምን? ጠባቂው የሚያውቀው ኤሌክትሮኗ መድረሷን እንጂ በየትኛው ክንድ መምጣቷን አይደለም። ከመስጂድ በር ላይ የቆመ ሰው መግባታችሁን ያያል፤ በየትኛው ቅያስ እንደመጣችሁ ግን አያውቅም። መንገዱ አሻራ እስካልተወ ድረስ ንድፉ ይኖራል።

ቡድኑ ሌላም ነገር አየ። የጠባቂውን ቮልቴጅ አብዝተው ሲጨምሩ ንድፉ መበላሸት ጀመረ። ምክንያት ያደረጉት ከጠባቂው የሚወጣው ጨረር ዶቶቹ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች እየረበሸ መሆኑን ነው። ጠባቂም ሲበዛ ጠባቂነቱ ቀርቶ ረባሽ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የላብራቶሪ ጨዋታ ሆኖ አልቀረም። ዛሬ በኳንተም ዶት ላይ የሚሠሩ የኳንተም ኮምፒዩተር ሙከራዎች ውጤታቸውን የሚያነቡት እንዲህ ባለ የቻርጅ ጠቋሚ ነው። በ2004 በኔዘርላንድስ ዴልፍት የአንዲት ኤሌክትሮን ስፒን የተነበበው በጠባብ በር ነበር።

◾ 8. ወደ ቪዲዮው እንመለስ

ቪዲዮው ካለው ውስጥ እውነቱ አንድ ነው፦ የኤሌክትሮን መንገድ ሲመዘገብ ንድፉ ይደበዝዛል። ከዚያ በኋላ የተጨመሩት ሦስት ነገሮች በሙከራው ውስጥ የሉም።

አንደኛ፣ «ማየት» የሰው እይታ ተደርጎ ተተርጉሟል። በሙከራው የ«ተመልካቹን» ቦታ የያዘው ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ጠባብ በር ነው። የሚቆጠረው አሻራ መተዉ ነው።

ሁለተኛ፣ ተመራማሪው ውጤቱን የሚመርጥ ተደርጎ ቀርቧል። ቶኖሙራም ሆነ ቡክስ አንዲትን ኤሌክትሮን «እዚህ ጋ እረፊ» ማለት አልቻሉም። የሚችሉት መንገድ መክፈት፣ መዝጋትና ጠባቂ ማቆም ነው። የፊዚክስ ሊቃውንት የዚህ ሁሉ ጥልቅ ትርጉም ምንድን ነው በሚለው ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ነገር ግን ሙከራዎቹ በምኞት የተመራ ኤሌክትሮን አላሳዩም።

ሦስተኛ፣ ከፍጹም ዜሮ አጠገብ በቀዘቀዘ፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ በሚያንስ ቀለበት ላይ የታየን ነገር አንሥቶ በሱቃችን ገቢና በትዳራችን ላይ ለጥፎታል። አንድ ጠባብ በር ጎኑ በመቆሙ ብቻ የሚደበዝዝ ንድፍ፣ በሞቀና አየር በሞላበት ክፍላችን፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ቅንጣት በሚነካካበት ቦታ የባንክ ሒሳባችንን ይለውጣል ማለት ከሙከራው ራሱ ጋር ይጋጫል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! እኛ ወሬ ሲመጣ «ከማን ሰማኸው?» ብለን መጠየቅን ከልጅነታችን የተማርን ሰዎች ነን። ሳይንስ የሚል ስም የተለጠፈበት ወሬ ሲደርሰንም ያው ጥያቄ ይሠራል። ማን አደረገው? የትና መቼ? የለካው ምን ነበር? ሰንሰለቱ በመሐል ተበጥሶ በቀጥታ ወደ ባንክ ቁጥር ከደረሰ፣ ስልኩን ዝጉት።

ገንዘቡን የከፈለው ወንድማችን ይህን እያነበበ ከሆነ፣ ጥያቄው ከሥልጠናው የበለጠ ዋጋ ነበረው እንላለን። ፊዚክስ የምትማሩ ደግሞ እዚህ የጠቀስናቸውን ስሞች ይዛችሁ የራሳቸውን ጽሑፍ ፈልጉ፤ ከእኛ አትቁሙ። ያጎደልነው ካለ በአስተያየት መስጫው አርሙን። ቪዲዮው ለደረሰው ወዳጃችሁ ይህንንም አድርሱት።

ወላሁ አዕለም።